ካገለገሉ የኮምፒውተር ዕቃዎች የቤት ፋይል ማከማቻ ሰርቨር እንዴት ይሠራል?

የአንድ ቤተሰብ ፎቶግራፍ፣ የሠርግና የክርስትና ቪዲዮ፣ የትምህርት ማስረጃና የሥራ ሰነድ ዛሬ ዛሬ በአንድ ቦታ አይገኝም፤ ከፊሉ በስልክ፣ ከፊሉ በፍላሽ፣ የቀረው ደግሞ ማን ዘንድ እንዳለ በማይታወቅ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ሰብስቦ ለቤቱ ሰው በዋይፋይ የሚያቀርብ የማከማቻ ሰርቨር አዲስ ሲገዛ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ሆኖም የሰርቨሩ ዋና ሥራ ዲስክ ላይ ያለውን ፋይል ወደ ኔትወርክ ማሳለፍ በመሆኑ፣ ከቢሮ አገልግሎት የተሰናበተ የአሥር ዓመት ዴስክቶፕ ያለ ችግር ይወጣዋል።

ዕቃ ሲሰበሰብ ግን አሮጌ ሁሉ እኩል አይደለም። ስለ እያንዳንዱ ዕቃ «ሲበላሽ ምን ይዞ ይሄዳል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ማዘርቦርድ (ሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ቢሞት ዲስኮቹ ተነቅለው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሰካሉ፤ የፕሮሰሰሩ ፋን ቢቆም ኮምፒውተሩ ሞቆ ራሱን ያጠፋል እንጂ ፋይል አይጠፋም። ፓወር ሰፕላይ ሲበላሽ ግን ከእሱ ጋር የተያያዘውን ዲስክ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ሊያቃጥል ይችላል፤ ዲስክ ሲሞት ደግሞ የሚሞተው ፋይሉ ራሱ ነው። ስለዚህ ያለው ጥቂት ገንዘብ በዲስክና በኤሌክትሪክ አቅርቦት ላይ ይዋል፤ የቀረው ከቆራሌ የተገኘ ቢሆንም አያስጨንቅም።

ኮምፒውተሩን መምረጥ

ለዚህ ሥራ የሚመቹት እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክና ሌኖቮ ቲንክሴንተር ያሉ የቢሮ ዴስክቶፖች ናቸው። መሥሪያ ቤቶች ዕቃ ሲቀይሩ በጨረታ ያስወግዷቸዋል፤ በመርካቶና በየሰፈሩ ያሉ የጥገና ሱቆችም የተፈታቱትን በየክፍላቸው ይሸጣሉ። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ኮር 2 ዱዎ ይህን ያሟላል፤ ነገር ግን ከ2011 ወዲህ የወጡት የሁለተኛው ትውልድ ኮር አይ3 እና ከዚያ በኋላ ያሉት ሥራ ሲፈቱ የሚወስዱት ኃይል ያነሰ ስለሆነ እነሱን ማስቀደም ይሻላል። ፔንቲየም 4 በነፃ ቢሰጥዎ እንኳ አይውሰዱ፤ ሙቀቱና የሚበላው መብራት ነፃነቱን በጥቂት ወራት ውስጥ ያስከፍላል። ለጨዋታ ተብሎ የገባ የግራፊክስ ካርድ ካለ ይንቀሉት፤ ማዘርቦርዱ የራሱ የስክሪን መውጫ እስካለው ድረስ ሰርቨር አይፈልገውም። ሁለት ዲስክ የያዘ፣ በሥራ ፈት ጊዜው 40 ዋት ገደማ የሚወስድ ኮምፒውተር ቀንና ሌሊት ቢሠራ በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 30 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይቆጥራል፤ ይህን በቆጣሪዎ ታሪፍ አባዝተው ወጪውን አስቀድመው ይወቁ።

ራም 4 ጊጋባይት በቂ ነው። ያገለገለ ራም የሚያመጣው ጉዳት ግን የማይታይ ስለሆነ መዘንጋት የለበትም፤ የተበላሸ ራም ፋይሉ ወደ ዲስክ ሲያልፍ ፊደል ወይም የምስል ነጥብ እየቀየረ ሊያሳልፍ ይችላል፣ ማንም ሳያውቀውም ፎቶው ከዓመት በኋላ ሲከፈት ግማሹ ግራጫ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ሜምቴስት የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍላሽ ላይ አስነሥተው ሌሊቱን ሙሉ ያስፈትኑት፤ አንድ ስሕተት እንኳ ከታየ ያንን ራም ይጣሉት።

ሌላው የሚታየው የኔትወርክ ካርዱ ፍጥነት ነው። 1000 ሜጋቢት የሆነ ካርድ በተግባር በሰከንድ ወደ 110 ሜጋባይት ሲያሳልፍ፣ 100 ሜጋቢት የሆነው ከ12 ሜጋባይት አያልፍም፤ አንድ ጊጋባይት የሆነ ቪዲዮ በመጀመሪያው በአሥር ሰከንድ፣ በሁለተኛው በአንድ ደቂቃ ተኩል ይተላለፋል ማለት ነው። ራውተሩም በዚሁ ፍጥነት ካልሠራ የካርዱ ፍጥነት ብቻውን አይጠቅምም። የማዘርቦርዱ ሳታ ማስገቢያ፣ ማለትም ዲስክ የሚሰካበት፣ የአሮጌው የሳታ 2 ዓይነት ቢሆን ግን አይጨነቁ፤ ኔትወርኩ ከእሱ በፊት ይደክማል። የሳታ ማስገቢያዎቹ ቢያንስ ሦስት ይሁኑ።

ስለ ኬዙ፣ ትንሽና ቀጭን የሆኑት የቢሮ ኮምፒውተሮች ለጠረጴዛ ያምራሉ እንጂ አብዛኞቹ ከአንድ ትልቅ ዲስክ በላይ አይዙም፤ ቁመታሙ ኬዝ ይሻላል። ብዙዎቹ የዴልና የኤችፒ ሞዴሎች የፓወር ሰፕላይ መሰኪያቸው የራሳቸው ብቻ በመሆኑ፣ ሲበላሽ በማንኛውም ሱቅ በሚገኘው ዓይነት መተካት እንደማይቻልም ከመግዛትዎ በፊት ይወቁ።

መብራት ለሚቆራረጥበት ቤት፣ በተለይም የሚቀመጠው ፋይል ከአንድ ወይም ከሁለት ቴራባይት ካልበለጠ፣ ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ ይልቅ ይመረጣል ባይ ነኝ። የሚወስደው ኃይል ያነሰ ነው፤ ባትሪው በከፊልም ቢሆን ከሠራ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪው ኃይል የሚሰጥ ዕቃ) አያስፈልገውም፤ ስክሪኑ ስለተሰበረም ዋጋው ይወድቃል። የዲቪዲ ማጫወቻውን አውጥቶ በቦታው ሁለተኛ ዲስክ የሚይዝ ማቀፊያ ማስገባት የሚቻልባቸው ሞዴሎች ብዙ ናቸው። ባትሪው ካበጠ ግን ምንም ሳያቅማሙ ያውጡት፤ ያበጠ ሊቲየም ባትሪ ቀንና ሌሊት ቻርጅ በሚደረግ ዕቃ ውስጥ መተው እሳት መጋበዝ ነው።

ዲስኩን መመርመር

ሃርድ ዲስኮች ስለ ጤንነታቸው ራሳቸው የሚይዙት መዝገብ አላቸው፤ ስማርት ይባላል። በዊንዶውስ ላይ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ያሳየዋል። መዝገቡ የየራሳቸው መለያ ቁጥር ያላቸው ብዙ ረድፎች ቢኖሩትም ለገዢ የሚጠቅሙት ጥቂቶቹ ናቸው። 5ኛው ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ የዲስኩን ክፍሎች፣ 197ኛው ዲስኩ ለማንበብ ተቸግሮ በጥርጣሬ ያቆያቸውን፣ 198ኛው ፈጽሞ ማንበብ ያቃተውን ይቆጥራሉ፤ ሦስቱም ዜሮ መሆን አለባቸው። 199ኛው ከፍ ብሎ ከተገኘ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የዲስኩ ሳይሆን የሳታ ኬብሉ ስለሆነ ኬብል ቀይረው ቁጥሩ መጨመር ማቆሙን ይመልከቱ። 9ኛው ዲስኩ የሠራባቸውን ሰዓቶች ያሳያል፤ ዓመት 8,760 ሰዓት ስለሆነ 40,000 የሚል ዲስክ ከአራት ዓመት ተኩል በላይ ያለማቋረጥ ሠርቷል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ቁጥሮቹን የሚያሳየው በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር (ከአኃዝ ጋር ከኤ እስከ ኤፍ ያሉ ፊደላት በሚገቡበት) በመሆኑ 197ኛው «ሲ5»፣ 198ኛው «ሲ6» ተብለው ይታያሉ፤ የሰዓቱም ቁጥር ወደ ተራ አቆጣጠር ካልተቀየረ ከእውነቱ የተለየ መስሎ ያሳስታል። ሰውነቱ ተፋፍቆና ብሎኖቹ ተበልተው ሰዓቱ ግን አሥር ብቻ የሚል ዲስክ ካጋጠመዎ መዝገቡ ሆን ተብሎ ተፍቋል ብለው ይጠርጥሩ።

መዝገቡ ንጹሕ መሆኑ ግን ዋስትና አይሆንም። ጉግል ከአንድ መቶ ሺህ በላይ ዲስኮቹን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት፣ ከሞቱት ዲስኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በአራቱ ዋና ዋና የስማርት ምልክቶች አንዱንም አላሳዩም ነበር። በአንጻሩ በፍተሻ ጊዜ የመጀመሪያውን ስሕተት ያሳየ ዲስክ በሚቀጥሉት 60 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድሉ ምንም ስሕተት ካላሳየው በ39 እጥፍ ይበልጣል። ከዚህ የሚወሰደው፣ ምልክት ያሳየ ዲስክ በርካሽም ሊገዛ እንደማይገባውና ምልክት ያላሳየውም ብቻውን ሊታመን እንደማይችል ነው። ስለዚህ ስማርት ረጅሙን ፍተሻ እንዲያካሂድ ያድርጉ፤ ለሁለት ቴራባይት ዲስክ በርካታ ሰዓታት ይፈጃል። ከዚያም ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ይሙሉትና መዝገቡን እንደገና ያንብቡ። ይህ መሙላት ሌላም ጥቅም አለው፤ ያገለገለ ዲስክ የሌላ ሰው ፎቶና ሰነድ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ ሳይታይ መጥፋቱ ለማናውቀው የቀድሞ ባለቤት የሚገባ ጨዋነት ነው።

ገንዘብዎ ለአንድ አዲስ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ዋናውን ዲስክ አዲስ ይግዙ፤ ያገለገለውን ለሁለተኛው ቅጂ ያድርጉት። ከደኅንነት ካሜራ መቅጃ የወጡ ዲስኮች ለዚህ ሁለተኛ ቦታ ይሆናሉ፤ ቀንና ሌሊት ለመሥራት የተሠሩ ናቸው፣ ብዙ ሰዓት ስለሠሩም በርካሽ ይሸጣሉ።

ሬይድ ወይስ ቅጂ?

ስለ ማከማቻ ሰርቨር ያነበበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሬይድ ነው። ሬይድ 1 ሁለት ዲስኮችን እንደ አንድ አጣምሮ የተጻፈውን ሁሉ በሁለቱም ላይ ያሰፍራል፤ አንዱ ቢሞት ሰርቨሩ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ለሱቅ ወይም ለቢሮ ይህ አለመቋረጥ ዋጋ አለው። ቤት ውስጥ ግን ግማሽ ቀን መጠበቅ የማይችል ፋይል ጥቂት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው አደጋ ደግሞ ልጅ አቃፊውን ሳያውቅ ሲሰርዝ ወይም ቫይረስ ፋይሉን ሲቆልፍ ነው፤ ሬይድ ስረዛውንም በዚያው ቅጽበት በሁለተኛው ዲስክ ላይ ይደግመዋል። በዚህ ምክንያት ሁለት ዲስክ ላለው ቤት የምመክረው ሬይድን ትቶ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ሌሊት ሌሊት መገልበጥ ነው። ትናንት ማታ የተገለበጠው ዛሬ የተሰረዘውን ይመልሳል።

መጠናቸው የተለያየ ሦስትና አራት ዲስኮች ከተለያየ ቦታ ለሰበሰበ ሰው መርጅር ኤፍኤስና ስናፕሬይድ የተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ይስማማሉ። የመጀመሪያው ዲስኮቹን እንደ አንድ ሰፊ ዲስክ ያሳያል፤ ሁለተኛው ከዲስኮቹ አንዱ ቢሞት ይዘቱን መልሶ የሚያሰላበትን መረጃ ለብቻው በተመደበ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። የሚመደበው ዲስክ ከሌሎቹ ከትልቁ ማነስ የለበትም። እንደ ቪዲዮና ፎቶ አንዴ ተቀምጦ ለማይለወጥ ፋይል ጥሩ ነው፤ በየሰዓቱ ለሚታረም ሰነድ ግን ከመጨረሻው ማመሳሰል ወዲህ ያለውን ለውጥ አያድንም።

ኤሌክትሪኩ

ፓወር ሰፕላዩን ከመሰካትዎ በፊት ጀርባውን ይመልከቱ። በአንዳንዶቹ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለ፤ ከአሜሪካ የመጣ ኮምፒውተር በ115 ላይ ተደርጎ ሊሆን ስለሚችል፣ እንዲሁ ከእኛ 220 ቮልት ጋር ቢገናኝ ይፈነዳል። ማብሪያ የሌለውና በመለያው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ራሱን ያስተካክላል። ከዚያም ዲስኮቹን ሳይሰኩ ኮምፒውተሩን አስነሥተው፣ ወደ ዲስክ በሚሄደው ኬብል ላይ ቢጫውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በመለኪያ ይለኩ፤ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት መሆን አለበት። ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25 ይሁን። ከዚህ የወጣ ፓወር ሰፕላይ ቢሠራም አይታመንም። ለመጠገን ብለው ግን አይክፈቱት፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በውስጡ የሚቀረው ኃይል ሰው ይጎዳል። በማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተር የተባሉ ትንንሽ ሲሊንደሮች አናታቸው ካበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ከወጣው ያ ማዘርቦርድ ዕድሜው እያለቀ ነው።

የሳታ የኃይል መሰኪያ ሲያንስ ከአሮጌው ባለ አራት ቀዳዳ መሰኪያ የሚቀይር አስማሚ ይገዛል። ከእነዚህ ውስጥ ፕላስቲኩ በሽቦዎቹ ላይ ቀልጦ የተጣበቀው ዓይነት ውስጡ ሽቦ ከሽቦ እየተነካካ እሳት በማስነሣት የታወቀ ስለሆነ፣ ሽቦው እየተቆነጠጠ በየጉድጓዱ የገባውን ዓይነት ይምረጡ።

ዩፒኤስ ለዴስክቶፕ የግድ ነው። ያገለገለ ዩፒኤስ በርካሽ የሚሸጠው ባትሪው ስለሞተ ሲሆን፣ በአነስተኞቹ ውስጥ ያለው ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ብቻውን በአዲስ ይተካል። 650 ቪኤ የሆነ ዩፒኤስ ለእንዲህ ያለ ሰርቨር ሥርዓት ባለው መንገድ ለመጥፋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጠዋል። ዩኤስቢ መውጫ ያለውን ከመረጡ ሰርቨሩ መብራት መጥፋቱን ከእሱ እየሰማ በራሱ ይዘጋል። ኤሌክትሪኩ ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ከዩፒኤሱ በፊት ስታብላይዘር ይግባ፤ መብራት ሲመጣ የሚከተለው የቮልት ዝላይ ከመጥፋቱ ይልቅ ዕቃ ያቃጥላል።

ቀጥሎ ወደ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ወደሚገኘው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ገብተው፣ በዴል «ኤሲ ሪከቨሪ»፣ በኤችፒ «አፍተር ፓወር ሎስ» የተባለውን ምርጫ መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲነሣ ያድርጉት። ኪቦርድ ባለመኖሩ መነሣት እንዳያቆምም ያንን ማስጠንቀቂያ ያጥፉ። ቀኑና እነዚህ ምርጫዎች መብራት በጠፋ ቁጥር የሚጠፉ ከሆነ የማዘርቦርዱ ሲአር 2032 ባትሪ አልቋል፤ ዋጋው ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ሶፍትዌሩን መጫን

ኮምፒውተሩን ወደ ፋይል ሰርቨር ከሚለውጡት ሶፍትዌሮች ለቤት የሚመቸው ኦፕን ሚዲያ ቮልት ነው፤ ነፃ ነው፣ በዴቢያን ሊኑክስ ላይ የተሠራ ነው፣ በ1 ጊጋባይት ራም እንኳ ይነሣል። ታዋቂው ትሩናስ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ስለሚጠይቅ ለአሮጌ ዕቃ አይሆንም። ኦፕን ሚዲያ ቮልት የተጫነበትን ዲስክ ሙሉ በሙሉ ለራሱ ስለሚወስድ፣ ለእሱ ብቻ የሚሆን ትንሽ ኤስኤስዲ ወይም ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ዲስክ ይመድቡ። መጫኛውን በሌላ ኮምፒውተር አውርደው ሩፎስ ወይም ባሌና ኤቸር በተባለ ፕሮግራም ወደ ፍላሽ ይጻፉት። ሲጭኑ የፋይል ዲስኮቹን የሳታ ኬብል ነቅለው ይቆዩ፤ የተሳሳተ ዲስክ መርጦ ማጥፋት የሚቻለው በዚህ ጊዜ ነው። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ይበሉ።

ተጭኖ ሲያልቅ ስክሪኑና ኪቦርዱ ይነቀላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ከሌላ ኮምፒውተር ብራውዘር ላይ የሰርቨሩን የአይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ውስጥ የሚለይበትን ቁጥር) በመጻፍ ይከናወናል። የመግቢያ ስሙ «አድሚን» (admin)፣ የይለፍ ቃሉ የሶፍትዌሩ ስም በእንግሊዝኛ (openmediavault) ሲሆን፣ ይህን ዓለም ስለሚያውቀው በመጀመሪያው ደቂቃ ይቀይሩት። አድራሻው በየጊዜው እንዳይለዋወጥ በራውተሩ ላይ ለሰርቨሩ ቋሚ አድርገው ይያዙለት፤ ለምሳሌ 192.168.1.50። በመቀጠል ዲስኮቹን ኢኤክስቲ4 በተባለው የሊኑክስ የፋይል አቀማመጥ ይፎርምቱ፣ የጋራ አቃፊዎችን ይክፈቱ፣ ለእያንዳንዱ የቤቱ ሰው የራሱን ስምና የይለፍ ቃል ይስጡ፣ አቃፊዎቹን በኔትወርክ የሚያጋራውን የኤስኤምቢን አገልግሎት ያብሩ። እያንዳንዱ ለውጥ የሚጸናው ከገጹ ራስጌ በሚወጣው ቢጫ ሰሌዳ ላይ ሲያረጋግጡ ብቻ ነው። በዊንዶውስ የፋይል መስኮት ላይ \\192.168.1.50 ብለው ሲጽፉ አቃፊዎቹ ይታያሉ፤ ከስልክ ፎቶ በራሱ እንዲገለበጥ ፎቶሲንክን የመሰለ መተግበሪያ ይበቃል።

በአማርኛ ፋይል ለሚሰይም ሰው አንድ መሰናክል አለ። የሊኑክስ የፋይል ስም ከ255 ባይት አይበልጥም፤ በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ በሰርቨሩ ላይ ስሙ ከ85 ፊደል ማለፍ አይችልም። ዊንዶውስ ግን እስከ 255 ፊደል ይፈቅዳል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገር የሚያህል ርዕስ የተሰጣቸው ስብከቶች፣ መዝሙሮችና የጥናት ጽሑፎች ሲገለበጡ ስሕተት እያሉ ከቀሩ ዲስኩን አይጠርጥሩ፤ ስማቸውን ያሳጥሩ።

ሰርቨሩን ከቤት ውጭ ለመክፈት ሲባል የኤስኤምቢን በር (ፖርት)፣ ማለትም 445ን፣ በራውተሩ ላይ መክፈት በፍጹም አይገባም። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. በመላው ዓለም ኮምፒውተሮችን የቆለፈው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ የተዛመተው በዊንዶውስ የኤስኤምቢ ድክመት በዚሁ በር ነበር። ከውጭ መግባት ካስፈለገ እንደ ዋየርጋርድ ያለ ቪፒኤን (ከውጭ ወደ ቤት ኔትወርክ የሚያስገባ የተመሰጠረ መንገድ) ይጫን።

ቅጂውና ክትትሉ

የሌሊቱ ግልበጣ በአርሲንክ አገልግሎት ይታዘዛል። ሰርቨሩ ሰዓት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ስለሆነ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲጀምር ከፈለጉ 2 ብለው ይሙሉ። ከምንጩ የተሰረዘውን ከቅጂውም የሚሰርዘውን ምርጫ አያብሩ፤ የተሳሳተ ስረዛ የሚታረመው እሱ ባለመብራቱ ነው። ሁለቱም ዲስኮች በአንድ ኬዝ ውስጥ ስለሆኑ ሌባ ወይም የኤሌክትሪክ ቃጠሎ አንድ ላይ ይወስዳቸዋል፤ ሦስተኛ ቅጂ በኤክስተርናል ዲስክ ላይ በየወሩ ተገልብጦ በዘመድ ቤት ይቀመጥ። ሲወሰድ ይመሳጠር፤ ቁልፉም ከዲስኩ ጋር አይሂድ። ቅጂ ሥራ ላይ መዋሉ የሚታወቀው ሲመለስ ስለሆነ፣ በየጊዜው ከቅጂው ጥቂት ፋይሎች ወደ ሌላ ኮምፒውተር አውጥተው ይክፈቱ።

ሰርቨሩ ከምድጃና ከፀሐይ የራቀ፣ አየር የሚያገኝ ቦታ ይቀመጥ፤ የዲስኮቹ ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይሁን። አቧራው በየሦስት ወሩ ይነፋ፤ በዚያው አጋጣሚ የዩፒኤሱን ሶኬት ነቅለው ሰርቨሩ በራሱ መዘጋቱን ይመልከቱ። በእያንዳንዱ ዲስክ ጠርዝ ላይ መለያ ቁጥሩን ጽፈው ይለጥፉ፤ አንዱ ሲታመም ሰርቨሩ የሚጠራው በዚያ ቁጥር ነው፣ ጤነኛውን ነቅሎ በሽተኛውን መተው የሚመጣውም ቁጥሩ ሳይታይ ሲቀር ነው። የስማርት ክትትሉን አብርተው መልእክቱ ወደ ኢሜይልዎ እንዲመጣ ያድርጉ። 197ኛው ቁጥር ከዜሮ ከተነሣ ዲስኩን በመፎርማት ለማዳን አይሞክሩ፤ በመጀመሪያ ሁለተኛው ቅጂ ሙሉ መሆኑን ያረጋግጡ፣ ከዚያ የሌለውን ብቻ ገልብጠው ዲስኩን ይለውጡ።